አያ ቸኮል እና የአምበር መንገድ እግረኞች

አያ ቸኮል ማረፉን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። የእህቱ ልጅ ገበያ ላይ አግኝታኝ፣ "እማማ የሺ፣ አልሰሙም እንዴ?" ስትለኝ ገና ፊቷን ሳየው ገባኝ። ጥቁር ለብሳለች። የያዝኩትን ዘንቢል መሬት ላይ አስቀመጥኩና እዚያው በቆምኩበት አለቀስኩ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ "ወንድምዎ ነበሩ?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ወንድሜ አይደለም፤ ዘመዴም አይደለም። በክፉ ዘመን ከእኔ ጋር አንድ መንገድ የተመላለሰ ሰው ነው።

"አዎ፣ ወንድሜ ነው" አልኳት።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ የተቀመጠበት ጊዜ ነበር። እኛ የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ባሌ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገብቷል። እኔ ጡት ያልጣለች ልጅ ይዤ ቀረሁ። የሚበላ ሲጠፋ ልጄን ለእናቴ ትቼ፣ ጣሊያኖች ከተማው ውስጥ በከፈቱት ሐኪም ቤት የበሽተኛ አንሶላና የቁስል ጨርቅ አጣቢ ሆንኩ። ለባሌ እንዲህ ማድረጌን እንዴት እንደምነግረው ሳስብ መንገዱ ሁሉ ያልቅ ነበር።

አያ ቸኮል እዚያው ሐኪም ቤት ቁስል አጣቢ ነበር። በልጅነቱ ቤተ ክህነት ተምሯል፤ ድምፁ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። እንደኔው ከዚያ ሰፈር ይመላለሳል። እናቱ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ "የባሌን መቃብር ትቼ ከተማ አልገባም" ብለው እምቢ ስላሉት እሱም ትቷቸው ከተማ አልገባም። በእግሩ ሲመጣ እያረፈደ ቢያስቸግር ጊዜ ሐኪሙ ብስክሌት ሰጠው።

በዚያ መንገድ ከዚያ በፊት ብስክሌት አልታየም። መኪና አይተናል፤ መኪና ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል፣ ሰዉም ገደል እንዳይገባ እየተጠነቀቀ ይሸሻል። ብስክሌት ግን ድምፅ የለውም። ከኋላ መጥቶ አጠገብህ ሲደርስ ነው የምታውቀው። መጀመሪያ የነዳው ቀን ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ግማሾቹ ማሳ ውስጥ ገቡ፣ ግማሾቹ መንገዱ ላይ ተቀመጡ። እንስራ የጫነች አንዲት አህያ በርግጋ ሄዳ ከግንድ ጋር ተጋጨች። አያ ቸኮል ወርዶ ስባሪውን ሲለቅም ባለቤቲቱ አናቱ ላይ ቆማ ትሰድበዋለች፤ እሱ ደግሞ ተንበርክኮ፣ "ልክ ነሽ እናቴ፣ ልክ ነሽ" ይላል። በሚቀጥለው የገበያ ቀን የሴትዮዋን እንስራዎች በብስክሌቱ ኮርቻ ላይ አስሮ፣ በእግሩ እየገፋ ገበያ ሲያደርስላት አየሁት።

ስሙ የወጣለት ምን ታስቦ እንደሆነ አላውቅም፤ ቸኮል ተብሎ እንደሱ የማይቸኩል ሰው ግን አላጋጠመኝም። ረጅምና ቀጭን ነበር። ሲነዳ ጉልበቶቹ ወደ ውጭ ወጣ ወጣ ይላሉ፣ ኩታውን ወገቡ ላይ ያስራል። ሰው ከፊቱ ሲያይ ይወርድና ብስክሌቱን እንደ ጥጃ አንገቱን ይዞ ዳር ዳሩን ይሄዳል። ሰው ካለፈ በኋላ ይወጣል፤ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይወርዳል። "እንዲህ ከሆነማ በእግርህ ብትሄድ አይሻልም?" እለው ነበር።

"የሺዬ፣" ይለኛል፣ "ሰው ከኋላው ነገር ሲመጣበት መጀመሪያ ወደ ግራ ይላል፣ ወዲያው ሐሳቡን ለውጦ ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ ከዚያ መሃል ላይ ይቆማል። በግ እንኳ አንዱን ይመርጣል። እሱ የሚያደርገውን ካላወቀ እኔ ነኝ መቆም ያለብኝ።"

ብስክሌቱ ሲሰጠው ከመሪው ላይ ትንሽ ደወል ነበረችው። እሷን የነቀላት በእማሆይ ወለተ ኪሮስ ምክንያት ነው። እማሆይ ጎንበስ ብለው በመቋሚያ የሚሄዱ መነኩሲት ነበሩ። አንድ ጠዋት ከኋላቸው ደወሏን ቅጭል ቅጭል አደረጋት። እሳቸው የሰሙት ቃጭል ነው። ካህናቱ ለታመመ ሰው ሥጋ ወደሙ ይዘው ሲያልፉ ዲያቆኑ ከፊት የሚያቃጭለው መሰላቸው። መቋሚያቸውን ጥለው መንገዱ መሃል በግንባራቸው ተደፉ። ቀና ሲሉ የጣሊያን ብስክሌት ነው።

"ለጣሊያን ብረት አሰገድከኝ!" አሉት። "ለጣሊያን ብረት! አንተ ባንዳ፣ እግዜር የእጅህን ይስጥህ!"

አያ ቸኮል አቧራቸውን ሊያራግፍላቸው እጁን ሲዘረጋ በመቋሚያ መቱት። ሐኪም ቤት ሲደርስ ገና ነጭ ካባውን ሳይለብስ፣ ደወሏን ፈትቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጣት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአፉ ነው የሚያስታውቀው። ገና ከሩቅ፣ በዚያ ጥርት ባለ ድምፁ፣ "እንደምን አደራችሁ! ቸኮል ነኝ፣ ከኋላችሁ ነኝ፣ አትደንግጡ!" ይላል። የሚመልስለት ግን አልነበረም።

ምክንያቱ ብስክሌቱ ብቻ አይደለም። ያኔ ጣሊያን ሰው እየሰቀለ፣ ቤት እያቃጠለ ነበር። በጣሊያን ብረት ላይ ተቀምጦ ወደ ጣሊያን ሥራ የሚሄድ ሰው ለሰዉ ባንዳ ነው። ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበታል። ትልልቆቹ ሲያልፍ ምራቃቸውን ይተፋሉ። አንዳንዱ ሆን ብሎ ከብቱን መንገድ ላይ ያቆምበታል። የግራር እሾህ ቆርጠው የሚረጩበት ቀንም ነበር። እሾሁን ሲያገኝ ይወርድና አንድ በአንድ ለቅሞ አጥር ላይ ይሰካዋል። አንድ ቀን ደርሼበት፣ "ለምን አልፈኸው አትሄድም? በዳር በኩል መንገድ አለልህ" አልኩት።

"እኔ ጎማ አለኝ የሺ፤ እነሱ ባዶ እግራቸውን ናቸው" አለኝ።

ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሲመለስ በየአጥሩ ሥር ሰው ይጠብቀዋል። እግሩ የቆሰለ፣ ዓይኑ የታመመ፣ ጣቷን ማጭድ የቆረጣት። ጣሊያን ሐኪም ቤት መሄድ ፈርተዋል፤ ወይም ሲሄዱ መታየት አፍረዋል። ጠዋት ድንጋይ ወርውሮ የሄደው ልጅ ማታ እናቱ በጆሮው ይዛ ታመጣዋለች፣ እግሩ መግል ይዟል። አያ ቸኮል ብስክሌቱን አጥር ላይ ያስደግፍና፣ ከኪሱ የቁስል መድኃኒት አውጥቶ በውሃ በጥብጦ ያጥበዋል። "ጠዋት የወረወርከው በቀኝህ ነው በግራህ?" ሲለው ልጁ ያቀረቅራል። "በግራህ ከሆነ ጎበዝ ነህ፣ ትከሻዬን ልታገኘው ምንም አልቀረህ።" ሲስቅ ያኔ ነው የማየው።

እኔን በተመለከተ አንድ ነገር ላንሳ። ከተማው መግቢያ ላይ ኬላ ነበር፤ ወታደሮቹ ብቻዋን የምታልፍ ሴት አይተው ዝም አይሉም። አያ ቸኮል ኬላው ጋ ቀድሞኝ ቢደርስም ቆሞ ይጠብቀኛል። ብስክሌቱን በእኔና በወታደሮቹ መሃል አድርጎ እየገፋ አብሮኝ ያልፋል። በስሜ እየጠራ የማይረባ ነገር ያወራኛል፤ እናቱ ምን እንደበሉ፣ ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ። ስናልፍ፣ "በይ እንግዲህ" ብሎ ወጥቶ ይሄዳል። አንድ ቀን እንኳ ስለዚህ ነገር አንስቶ አያውቅም።

ከሁሉም የከፉበት ጋሽ ታፈረ ነበሩ።

ጋሽ ታፈረ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ እሱን ጣሊያን ገደለባቸው፣ ሬሳውንም አልሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ከሰው ጋር መነጋገር ተዉ። በየማለዳው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ወንዙ መሻገሪያ ላይ መንገዱ በሚጠብበት መሃል ይቆማሉ። ሌላው ሰው በግራም በቀኝም ያልፋል፤ ምንም አይሉም። አያ ቸኮል ሲመጣ ግን ፊት ለፊቱ ይሆናሉ። እሱ ይወርዳል፣ ብስክሌቱን ተሸክሞ በቦዩ በኩል፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ እየደረሰ ይዞራቸዋል። ሲያልፍም ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ "እንደምን አደሩ ጋሼ?" ይላል። አይመልሱም። በማግስቱም እንደዚያው ነው። ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

አንድ ጠዋት እኔ ከኋላ ትንሽ ራቅ ብዬ እሄዳለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ነን። አያ ቸኮል እንደ ልማዱ ከሩቅ ሰላምታውን ጮኾ ፍሬን ያዘ። ጋሽ ታፈረ በዚያን ቀን መሃል ላይ አልቆሙም፤ ዳር ነበሩ። መንገዱን የለቀቁለት መስሎት ደስ ሳይለው አልቀረም፣ ሳይወርድ ቀጠለ። አጠገባቸው ሲደርስ ዱላቸውን ወደ ፊተኛው ጎማ፣ በራጂው ሽቦዎች መሃል ወረወሩት።

ብስክሌቱ ቀጥ ሲል እሱ በላዩ አልፎ ሄዶ ድንጋይ ላይ በትከሻው ወረደ። ሮጬ ደረስኩ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ከንፈሩ ደም በደም ሆኗል። ጋሽ ታፈረ ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ እንደሚሸሽም፣ እንደሚጸጸትም ሰው አይደሉም። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት አያ ቸኮል ቀሚሴን ያዘኝ።

"የሺ፣ ዱላውን አውጪው። ከራጂው ውስጥ አውጪና ወንዙ ውስጥ ጣይልኝ። ቶሎ በይ፣ ከኬላው ይታያል።"

ስቤ አወጣሁት። ወንዙ ወሰደው። ጋሽ ታፈረ ዱላቸው ሲሄድ በዓይናቸው ይከተሉት ነበር።

ሐኪም ቤት፣ "ውሻ ገብቶብኝ ወደቅኩ" አለ። ሐኪሙ ትከሻውን አሰረለት፣ ዘበኛው ጎማውን አቃናለት። ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ። ከኬላው ወታደሮች አንዱ ግን አንድ ሽማግሌ በየማለዳው መንገድ እንደሚዘጋ ለመቶ አለቃው ነግሮ ኖሯል። በማግስቱ መቶ አለቃው ወታደሮችና አስተርጓሚ ይዞ ሰፈራችን መጣ። ሰዉን ሁሉ ከየቤቱ አውጥቶ መሻገሪያው አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ ሰበሰበን። አያ ቸኮልንም፣ ብስክሌቱንም አምጥተዋል።

መቶ አለቃው ጋሽ ታፈረን ከሰው መሃል አስወጥቶ አቆማቸው። በአስተርጓሚው በኩል አያ ቸኮልን፣ "የጣለህ ይሄ ነው?" አለው።

ሁላችንም ቀጥሎ የሚመጣውን እናውቃለን። የጋሽ ታፈረ ሚስት መሬት ላይ ተቀመጡ።

"እሳቸው?" አለ አያ ቸኮል። "እሳቸው በየቀኑ ሰላም የምላቸው ሰው ናቸው። ውሻ ነው የገባብኝ ጌታዬ።"

"በየቀኑ የሚነዳ ሰው በውሻ ይወድቃል?"

"እኔ እኮ መንዳት አልችልበትም። ለሐኪሙ አፍሬ ነው ያልተናገርኩት። በየቀኑ ነው የምወድቀው።"

መቶ አለቃው ብስክሌቱን በእግሩ ወደሱ ገፋው። "ንዳ" አለ። "ልይህ።"

አያ ቸኮል አንድ እጁ አንገቱ ላይ ታስሯል። በአንድ እጁ መሪውን ይዞ ወጣ። ያንን በጭቃና በድንጋይ፣ በሰውና በከብት መሃል እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ የሚነዳ ሰው፣ ሜዳው ላይ ትንሽ ተንገዳግዶ በጎኑ ወደቀ። ወታደሮቹ ሳቁ። መቶ አለቃው አልሳቀም። "እንደገና" አለ።

እንደገና ወጣ። በዚህ ጊዜ ሲወድቅ በታሰረው ትከሻው ላይ ነው። እኔ ቅርብ ነበርኩ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። አልጮኸም። አፈሩን ከአፉ ተፍቶ፣ አስተርጓሚውን ቀና ብሎ እያየ፣ "አላልኩም?" አለ። ፈገግ ለማለትም ሞከረ።

ያኔ መቶ አለቃው መሳቅ ጀመረ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ለዚህስ አህያ ይሻለዋል በሉት" አለና ወታደሮቹን ሰብስቦ ሄደ። ከእኛ በኩል የሳቀ አልነበረም። ልጆቹ እንኳ፣ ድንጋይ የሚወረውሩት፣ እናቶቻቸው ቀሚስ ውስጥ ተደብቀው ያዩታል።

ጋሽ ታፈረ ቀስ ብለው ሄደው አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። ጋቢያቸውን አውልቀው ከአንገቱ በታች አደረጉለት። ድምፃቸውን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

"ምን ነካህ አንተ ሰው? አንዲት ቃል ብትናገር እኮ እኔ የለሁም ነበር።"

"ታዲያ ነገ ጠዋት ማንን ሰላም ልበል ጋሼ?" አላቸው።

ጋሽ ታፈረ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። ልጃቸው የሞተ ዕለት ያላለቀሱት ይመስለኛል ያኔ የወጣላቸው። ሰዉም አብሮ አለቀሰ።

ወጌሻ አሸው፤ ግን አጥንቱ ሁለት ጊዜ ተጎድቶ ነበርና እንደ ድሮው አልገጠመም። ሥራ መሄድ እንደቻለ ሐኪሙ፣ "ብስክሌቱን ቤት እንዳታስቀር፣ ይዘኸው እየመጣህ ታሳየኝ" አለው፤ የመንግሥት ንብረት ነው። በአንድ እጁ ደግሞ ዳገቱን ሊገፋው አይችልም። በመጀመሪያው ጠዋት መሻገሪያው ላይ ስንደርስ ጋሽ ታፈረ እንደ ጥንቱ መሃል ላይ ቆመዋል።

"እንደምን አደሩ ጋሼ?" አለ አያ ቸኮል።

"እግዜር ይመስገን፤ አንተስ ትከሻህ እንዴት አደረ?" አሉት። ከዚያም መሪውን ከእጁ ተቀብለው መግፋት ጀመሩ።

ብስክሌት መግፋት አያውቁም፤ ፔዳሉ ቅልጥማቸውን ይመታቸዋል። ግን እስከ ከተማው ድረስ፣ በገበያተኛው መሃል ገፉት። ሰዉ ቆሞ ያያል። ልጃቸውን ጣሊያን የገደለባቸው ሰው የጣሊያን ብስክሌት ሲገፉ! አንዱ ደፍሮ፣ "ጋሽ ታፈረ፣ ምንድን ነው እሱ?" ቢላቸው፣ "መንገድ ልቀቅለት" ብቻ አሉት። ትከሻው እስኪጠና እንዲህ ሆነው ከረሙ። እማሆይ ወለተ ኪሮስም አንድ ቀን አስቁመውት መረቁት። ደወሏን ግን መልሶ አላሰራትም።

የጣሊያን ቀን አልቆ አርበኞች ደብረ ማርቆስ የገቡ ጊዜ ደስታችን ልክ አልነበረውም። እኔ ባሌን ከሚገቡት መሃል እየፈለግኩ ከጎዳና ጎዳና እሮጣለሁ። አላገኘሁትም፤ በኋላም አልመጣም። እሱን ስፈልግ ነው ገበያው አደባባይ ላይ ግርግር ያየሁት። አያ ቸኮል ብስክሌቱን እንደያዘ አንድ ወጣት አርበኛ አስቁሞታል። የማያውቁት ሰዎች ዙሪያውን ከበው፣ "ባንዳ ነው! የጣሊያን ሐኪም ቤት ሠራተኛ ነው!" ይላሉ።

"እጅህን ወደ ላይ!" አለ አርበኛው።

አያ ቸኮል ብስክሌቱን ለቀቀና አንድ እጁን አነሳ።

"ሁለቱንም!"

ሌላው እጁ ከደረቱ አላለፈም። ይታገላል፣ ፊቱ ላብ በላብ ሆነ፤ አይነሳም። ልጁ ደሙ ፈላ። "ትቀልድብኛለህ?" ብሎ ጠመንጃውን አቀባበለ። እኔ፣ "ተው! አታውቀውም!" እያልኩ ብጮህ አንዱ፣ "እሷም የጣሊያን አጣቢ ናት" ብሎ ገፈተረኝ።

ሰው እየገፉ፣ እየጣሱ መጥተው በጠመንጃውና በእሱ መሃል የቆሙት ጋሽ ታፈረ ናቸው። መሻገሪያው ላይ በሚቆሙት አቋቋም ነው የቆሙት።

"አይነሳለትም!" አሉ። "እጁ አይነሳለትም ልጄ። እኔ ነኝ የሰበርኩት።"

ሁሉንም እዚያው ተናገሩ፤ ልጃቸውን፣ ዱላውን፣ መቶ አለቃውን፣ እሳቸውን ላለማስሰቀል ደጋግሞ መውደቁን። የሰፈሩ ሰዎች የምናውቀው፣ ከአፋቸው ግን ወጥቶ የማያውቅ ነገር ነው። ወጣቱ አርበኛ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ቆብ የለውም እንጂ ቢኖረው የሚያወልቅ ይመስል እጁ ወደ ራሱ ሄደ። ከዚያ የአያ ቸኮልን ያልተነሳች እጅ ያዘና ሳማት። ብስክሌቱን ግን የጠላት ንብረት ነው ብለው ወሰዱት።

ሦስታችንም በአምበር መንገድ በእግራችን ተመለስን። መንገዱ ከተማ በሚገባና በሚወጣ፣ በሚዘፍን ሰው ሞልቷል። የሰፈራችን ሰዎች ወሬው ቀድሞን ደርሷቸው ኖሮ፣ አያ ቸኮልን ከሩቅ ሲያዩት ከመሃል እየለቀቁ ዳርና ዳር ይቆማሉ። አንዳንዶቹ ቦዩ ውስጥ ወረዱ። "እንደምን ዋልክ ቸኮል?" ይላሉ ከዚህም ከዚያም። እሱ ፊቱ ቀልቶ፣ እሱም ዳር ሊይዝ ወደ ቦዩ ሲጠጋ ሰዉ ይበልጥ ይርቅለታል።

"ኧረ እናንተ ሰዎች፣" ይላል እየሳቀ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ "ምን ነካችሁ? በእግሬ ነኝ እኮ!"